ሲግማ ላይ የምትጠፋው 1

የእህቴን ልጅ የሒሳብ ደብተር ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ሳገላብጥ ያችው የተለመደች ስሕተት አገኘችኝ። ሲግማ (Σ)፣ ማለትም የድምር ምልክት፤ ከታች 3፣ ከላይ 10፣ ከጎኑ ደግሞ 4 ብቻ። ከ3 እስከ 10 ላለው ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ 4 ደምሪ ማለት ነው። ከ10 ላይ 3 ቀንሳ፣ 7ን በ4 አባዝታ 28 ጽፋለች። መልሱ ግን 32 ነው።

«እስቲ ከ3ኛው ዛፍ እስከ 10ኛው ቁጠሪልኝ» አልኋት። በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች፤ 8 ሆነ። መነሻውም ስለሚቆጠር ከላይኛው የታችኛውን ቀንሳችሁ 1 ጨምሩ።

ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1755 ያስተዋወቀው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፤ ለተማሪ የሚያስፈራ ነገር ለመፍጠር አስቦ እንዳልሆነ እገምታለሁ። ሲግማው ከ1 እስከ 3 ሆኖ ከጎኑ k² ካያችሁ ደግሞ አትቸኩሉ፤ እያንዳንዱን ቁጥር ካሬ አድርጋችሁ ነው የምትደምሩት፤ 1 ሲደመር 4 ሲደመር 9፣ 14 ነው። መጀመሪያ 1፣ 2 እና 3ን ደምራችሁ ካሬ ካደረጋችሁት ግን የተሳሳተው 36 ይመጣል።