«ዋይዝ ጋይ» የሚለውን የአሜሪካኖች አባባል እንዴት እንረዳው? መቼስ እንጠቀምበት?

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የውጭ እንግዶችን የሚያስጎበኙም ሆኑ ፊልም የሚተረጉሙ ወጣቶች «ዋይዝ» ማለት ጥበበኛ መሆኑን ብቻ ይዘው «ዋይዝ ጋይ» የሚለውን አባባል እንደ ሙገሳ ሊወስዱት ይችላሉ። በአሜሪካኖች የአራዳ ቋንቋ ግን አባባሉ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የሚታወቀው በነቀፋነቱ ነው፤ እንዲህ የሚባለው አዋቂ ነኝ ባይ፣ በቅን ልብ ለተጠየቀው ሁሉ በአሽሙር የሚመልስ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ድምፁን ማዳመጥ ይገባል። ጫናው «ዋይዝ» ላይ ጠንክሮ «ጋይ» ላይ ይላላል። በእውነት ጥበበኛ የሆነ ሰው «ዋይዝ ማን» ይባላል፤ ሰብአ ሰገልም በእንግሊዝኛ የሚጠሩት በዚሁ ነው። አንድን የተከበሩ አዛውንት ለእንግዳ ሲያስተዋውቁ ሁለቱን ማምታታት ትልቅ ነውር ነው።

ቀጥሎ ፊትን ማየት ነው። ፒያሳ ካፌ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ «ማኪያቶው ትኩስ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አስተናጋጁ «የለም፣ ከማቀዝቀዣ ነው ያወጣሁት» ቢለው እንግዳው «ኦኬ፣ ዋይዝ ጋይ» ሊል ይችላል። ፈገግ ብሎ ከሆነ ጨዋታውን ተቀብሎታል፤ ፊቱን አጥቁሮ ከሆነ ግን ተቀይሟልና ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ ቀጥተኛውን መልስ መስጠት ያስፈልጋል።

ራስዎ ሲጠቀሙበት ለቅርብ ጓደኛና ለእኩያ ብቻ ያድርጉት፤ ለአለቃ፣ ለደንበኛ፣ «ጋሼ» ብለው ለሚጠሩት ሰው ፈጽሞ አይገባም። ብዙውን ጊዜ የሚነገረውም ለወንድ ነው፤ ተመሳሳይ ትርጉም ያለው «ስማርት አሌክ» ግን ለሁለቱም ጾታ ያገለግላል። «ዋይዘንሃይመር» የሚባልም አለ፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «ዋይዝ» ላይ እንደ ኦፐንሃይመር ያሉ የጀርመን ስሞችን መጨረሻ በመቀጠል የተፈጠረ ሲሆን፣ ለዘብ ያለ ቢሆንም ዛሬ ያረጀ ይመስላል።

ወደ አማርኛ ሲመለስ «አራዳ» ማለት አይስማማም፤ አራዳ የነቃና ተግባቢ ሰው ሙገሳ ነውና። እንደ አገባቡ «አሽሟጣጭ» ወይም «አጉል አዋቂ» ይሻላል። በጣሊያን አሜሪካውያን ማፊያ ዘንድ ግን «ዋይዝ ጋይ» የቡድኑ አባል ማለት ነው፤ ስለዚህ ተርጓሚው ተናጋሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ሳያጣራ ብዕሩን ማንሳት የለበትም።