ምጥ የያዛትን እናት እንዴት እናጅብ?

ጎንደር ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ማዋለዱ የእኛ ሥራ ነው። ይህን የምጽፈው ግን አብራችኋት ለምትመጡት ነው፤ ለእናት፣ ለእህት፣ ለባል፣ ለጎረቤት። ጥሩ አጃቢ ያላት ሴት ምጧን በተሻለ ትችለዋለች። እኛም ተጨማሪ ዓይን እናገኛለን።

ቀድማችሁ ተዘጋጁ

ስምንተኛው ወር ሲገባ ቦርሳው ይያዝ። የክትትል ካርዷ፣ ንጹህና ደረቅ የጥጥ ጨርቆች፣ ሞዴስ፣ ጋቢ፣ ለህፃኑ ኮፍያና ካልሲ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሐምሌ ሌሊት ብርዷ እርጥብ ገላ ላለው ጨቅላ ከባድ ነው። ስለዚህ ሌላው ቢረሳ ኮፍያው አይረሳ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባጃጅ እንደልብ አይገኝም። መኪና ያለውን የሰፈር ሰው አሁኑኑ አነጋግሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ቤታችሁ ከጤና ተቋም የሚርቅ ከሆነ ደግሞ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንዳለው የጤና ኤክስቴንሽኗን ጠይቁ። ቀኗ ሲቃረብ እዚያ ገብታ ትጠብቃለች።

ምጡን በሰዓት ያዙ

ሲጀምራትና ሲለቃት ስልካችሁ ላይ ሰዓቱን እዩ። በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ ከመጣና እያንዳንዱ 40 ሴኮንድ ያህል ከቆየ ምጡ ጠንክሯል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ምጡ እዚህ እስኪደርስ አትጠብቁ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ካንቀጠቀጣት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ምጥ ኖረም አልኖረም ወዲያው ተነሱ።

ምጥ ክፍል ውስጥ

እኛ የፅንሱን የልብ ምት ቢያንስ በየ30 ደቂቃው እናዳምጣለን። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን አለበት። የማህፀን በር ግን የሚታየው በየ4 ሰዓቱ ገደማ ነው። «ለምን ቶሎ ቶሎ አታዩአትም?» ብለው የሚቆጡ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ነገር ግን እጅ በገባ ቁጥር ኢንፌክሽን አብሮ ሊገባ ይችላል።

የእናንተ ድርሻ ሌላ ነው። ደግፋችሁ አንሸራሽሯት። ስትተኛ በጀርባዋ ሳይሆን በጎኗ ትተኛ። ካልተከለከለች በየመሃሉ ውሃ ወይም አጥሚት ስጧት። በየ2 ሰዓቱ ሽንቷን እንድትሸና አስታውሷት፤ የሞላ ፊኛ ለህፃኑ መንገድ ያጠባል። ምጡ ሲመጣ ወገቧን በመዳፋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹላት። ማርያም ማርያም የምትሉም፣ ዱዓ የምታደርጉም፣ ድምፃችሁ ለስለስ ይበል። «አይዞሽ፣ አለሁ» ማለት ብቻ ብዙ ይረዳል።

ሦስት ነገር ግን አደራ። አዋላጇ ሳትል «ግፊ» አትበሏት። ሆዷን ከላይ አትጫኑ፣ ማህፀን ሊቀደድ ይችላል። ምጥ ያፋጥናል የሚባል የቤት መድኃኒትም አታጠጧት።

ሲወለድ

ህፃኑ ተደራርቆ እናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ይደረጋል። እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይቆረጣል። እናቲቱ ጭኗ ላይ የምትወጋው መርፌ ኦክሲቶሲን ነው፤ ደም እንዳይፈስ ይረዳል። ህፃኑ ካላለቀሰ ይዘነው ወደ ጎን እንሄዳለን። ያን ጊዜ መንገድ ልቀቁልን።

ከእልልታው በኋላ

ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህን ነው። ህፃኑ ሲወጣ የሁሉም ዓይን ወደ እሱ ይዞራል። እልል ይባላል፣ ስልክ ይደወላል፣ ፎቶ ይነሳል። እናቲቱ ብቻዋን ትቀራለች። ደም የሚፈሰው ደግሞ ያኔ ነው። እናት ከምትሞትባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

አንድ ሌሊት ሁሉም ወንድ ልጅ ብለው ሲደሰቱ፣ ታናሽ እህቷ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየች። አንሶላው ርሷል። ሮጣ ጠራችን፣ ደረስን፣ እናቲቱ ተረፈች። ልጅቷ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

ስለዚህ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ምረጡ። የእሱ ሥራ ህፃኑን ማየት አይደለም፤ እሷን ማየት ነው። እኛ ለ2 ሰዓት ያህል በየ15 ደቂቃው እንከታተላታለን። እናንተ በመሃሉ ሞዴሷን እዩ። አንዱ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ከራሰ፣ ከገረጣች፣ ላብ ካጠመቃት፣ «ዞረብኝ» ካለች ጮክ ብላችሁ ጥሩን። ማህፀኗ እምብርቷ አካባቢ እንደ ኳስ ጠንክሮ መገኘት አለበት። የት እንደሆነ አዋላጇ ታሳያችሁ፤ ከላላ ንገሩን።

እንገሩ ለህፃኑ ነው

በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ቢጫው እንገር አይታለብ፣ አይደፋ። የመጀመሪያ ክትባቱ እሱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። አያቶች ለጋ ቅቤ ሊያቀምሱት ይፈልጋሉ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሆዱን ለበሽታ ያጋልጠዋል። ቅቤው ለእናቲቱ ገንፎ ይሁን። እትብቱ ላይም ቅቤ አይቀባ፤ ባለሙያ የሰጣችሁ ቅባት ካለ እሱ ብቻ። ገላውን ለማጠብ 24 ሰዓት ይቆይ።

ለመውጣትም አትቸኩሉ፤ ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ትቆይ። ቤት ከገባችሁ በኋላ እናቲቱ ደም ከበዛባት፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ ህፃኑ ጡት እምቢ ካለ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ ገላው ከቀዘቀዘ ወይም ከጋለ፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ። ይዛችኋቸው ተመለሱ።