ጎማ አቀያየር ከዉድ ወንድማማቾች፦ የአንድ ድሬዳዋ ጎሚስታ ምክር

ሳቢያን ውስጥ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ጎማ ስለጥፍ 19 ዓመት ሞልቶኛል። ሱቄ ማለት አንድ አሮጌ ኮንቴይነር፣ አንድ ኮምፕረሰር፣ ቀዳዳ የሚፈተሽበት ግማሽ በርሜል ውሃ እና የዛፉ ጥላ ነው። «ዛፉ የደረቀ ቀን ሥራ ፈት ትሆናለህ» እያሉ ደንበኞቼ ይቀልዱብኛል። እኔም ስለ ሌላ ዛፍ አወራላቸዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ስቱዋርት ከምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ዉድ (Wood) የተባለ ቤተሰብ ልጆች የመኪና ሞተር በሰንሰለት አንጠልጥለው የሚያወጡት ከአንድ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነበር። በ1950 የመኪና ውድድር የጀመረው ቡድናቸው እስከ ዛሬ ከሜዳ አልጠፋም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።

በመኪና ውድድር ዓለም ጎማ ቅየራን ራሱን የቻለ ጥበብ ያደረጉት እነሱ ናቸው ይባላል፤ እኔም ረዳቶቼን የማሠለጥነው ከታሪካቸው እየቀዳሁ ነው። ይህን የምጽፈው መንገድ ላይ ጎማ ለሚተነፍስበት ሰው ነው። ድሬ ላይ አንቱታ አናውቅም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፤ ስለዚህ አትቀየመኝ። ሴት ሹፌሮች «አንቺ» እያላችሁ አንብቡት።

ከወንድማማቾቹ አንዱ ግሌን ዉድ እንጨት እየቆረጠ የሚኖር ሰው ነበር። ከታናሽ ወንድሙ ከሊዮናርድ ጋር ሆኖ የ1938 ፎርድ ለውድድር አዘጋጀ። በመጀመሪያው ውድድር መኪናዋ ተጋጭታ የኋላ አክሰሏ ተጎዳ። በዚያው ሁኔታ ወደ ቤት እየጎተቷት ሳለ ነዳጅ ፈሰሰና እሳት ተነሳባት። የሥራቸው መጀመሪያ ይህ ነው። ይህን ታሪክ ለደንበኞቼ የምነግረው የተነፈሰ ጎማ ይዘው በቸርኬ እየተንከባለሉ ሲመጡብኝ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ጀምሮ እንዲሁ ነድቶ መጣ። ጎማው ከውስጥ ተፈጭቶ ዱቄት ሆኗል፤ ቸርኬው ተጣሟል። በ80 ብር ሊለጠፍ የሚችለው ቀዳዳ አዲስ ጎማ አስገዛው። መሪው ወደ አንድ በኩል ከሳበህ ወይም ከሥር የመንደቅደቅ ድምፅ ከሰማህ ፍሬኑን ድንገት አትርገጥ፤ ነዳጁን ልቀቅና ቀስ ብለህ ዳር ያዝ። ከዚያ ወርደህ እይ። ሳያዩ መንዳት ትርፉ ሌላ ጉዳት ነው።

የት እንደምትቆም ግን ምረጥ። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ መታጠፊያው ላይ ቆመህ ጎማ የምትፈታ ከሆነ፣ ጫት ጭኖ የሚበር አይሱዙ አንተን እስኪያይ የሚጠብቅ አይደለም። መቶ ሜትር ተጨማሪ በቀስታ መንዳት ጎማውን ቢያበላሸውም ሕይወት ይበልጣል። ይህ ካልኩት ጋር ይጋጫል፤ አዎ፣ ይጋጫል። ሜዳ ላይ ከሆንክ ወዲያው ቁም፤ መታጠፊያ ላይ ከሆንክ እስከ ቀጥታው ንዳ። ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂህን ከኋላ ራቅ አድርገህ ትከል፤ ከሌለህ የዛፍ ቅርንጫፍ ጣል። ተሳፋሪ ይውረድ። የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ማርሽ አስገባ፣ ከሚፈታው ጎማ በሰያፍ ተቃራኒ ባለው ጎማ ሥር በሁለቱም በኩል ታኮ አድርግ። ድንጋይ ከሆነ ክብ ድንጋይ አይሁን፤ ክብ ድንጋይ ከጎማው ጋር አብሮ ይንከባለላል።

አሁን ወደ ሊዮናርድ እንመለስ። ዉዶቹ የሚወዳደሩበት ስቶክ ካር ሲባል መጀመሪያ ላይ ከመሸጫ እንደወጣ ያለ መኪና ማለት ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን የገበያውን መኪና የሚመስሉት ከላይ ብቻ ነው። ውድድሩን የሚመራው ናስካር የተባለው ድርጅት የተቋቋመው በ1948 ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ መኪና ጎማ ለመቀየርና ነዳጅ ለመሙላት ሲቆም አርባ አምስት ሰከንድ ገደማ ቢፈጅ የሚገርመው ሰው አልነበረም። መካኒኩ ሲጋራውን አጥፍቶ፣ መፍቻ ፈልጎ፣ ከጓደኛው ጋር ተጋጭቶ ነው ሥራ የሚጀምረው ብዬ እገምታለሁ፤ እኔም ሱቄ ውስጥ የማየው ይህንኑ ነው። ዉዶቹ ጊዜውን ወደ ሃያ አምስት ሰከንድ አወረዱት። ሊዮናርድ ያየው ሌሎቹ ያላዩትን ነው፤ መኪናው ሲቆም ጊዜ የሚበላው መፍታቱና ማሰሩ ሳይሆን በመካከል ያለው መንከራተት ነው። ክሪኩን፣ ማለትም መኪና ማንሻውን፣ ቀላል አደረጉት፤ የነዳጅ መሙያውን አስተካከሉ፤ ማን በየት በኩል እንደሚሮጥ ቆርጠው ያዙ። ዴላኖ የተባለው ወንድማቸው ክሪክ ያዥ ነበር።

እዚህ ጋ አንተ ምን ትማራለህ? ከመኪናው ሥር ከመጎንበስህ በፊት ዕቃህን በሙሉ አውጣ። ቅያሪ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ መፍቻውን፣ አንድ ቁራጭ ሳንቃ እና ዳዶ (ጎማውን የሚያስረውን) የምታስቀምጥበትን የቸርኬ ክዳን ወይም ኮፍያህን። ሳንቃው ለምን መሰለህ? የድሬዳዋ መሬት አሸዋ ነው፤ ክሪኩ ይሰምጣል። መጽሐፍ የሚያህል ጣውላ በሥሩ ካደረግህ አይሰምጥም። ቅያሪውን ጎማ ከክሪኩ ጎን ከመኪናው ወለል ሥር አግድም አስተኛው፤ ክሪኩ ቢያመልጥ መኪናው እግርህ ላይ ሳይሆን ጎማው ላይ ያርፋል። የተነፈሰውን ስታወጣ ደግሞ በቦታው እሱን አስገብተህ ቅያሪውን ታወጣለህ።

ዳዶዎቹን የምታላላው መኪናው መሬት ላይ እያለ ነው፤ ግማሽ ዙር ይበቃል። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ መፍቻውን ተከትሎ ይዞራል፤ አንተም ስትታገል መኪናውን ከክሪኩ ላይ ትጥለዋለህ። ዳዶው ካልበገረልህ መፍቻው ላይ አትዝለል፤ ዘንጉን ወደ ግራ አግድም አድርገህ ገጥመህ በክብደትህ ተጫነው። ክሪኩን ከጎማው አጠገብ ባለው የተጠናከረ የወለሉ ጠርዝ ሥር አድርገህ ጠምዝዝ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፦ የተነፈሰው ጎማ ከመሬት ሲላቀቅ ያቆማል። የሚገባው ግን ሙሉ ንፋስ ያለው ነው፤ ወፍራም ነው። አራት ጣት ያህል ጨምረህ አንሳው፤ አለዚያ አዲሱን ይዘህ አሸዋ ስትቆፍር ትገኛለህ።

በ1965 የተፈጸመውን ሳልናገር አላልፍም። ፎርድ ኩባንያ የሹፌሩን የጂም ክላርክን የሎተስ መኪና ኢንዲያናፖሊስ 500 በተባለው ትልቅ ውድድር እንዲያገለግሉ ዉዶቹን ጠራቸው። መኪናዋም ውድድሩም ለእነሱ እንግዳ ነበሩ። ቀድመው ሄዱ፤ የነዳጅ መሙያውን ዕቃ ፈታትተው አዩ፤ ነዳጁ ሳይደናቀፍ እንዲወርድ አስተካከሉ። በውድድሩ ቀን ሁለቱ ማቆሚያዎች ተደምረው 45 ሰከንድ አልሞሉም፤ ክላርክም አሸነፈ። የእኔ ረዳት ይህን ስነግረው «እነሱ እኮ መሣሪያ አላቸው» አለኝ። መሣሪያውንም ያስተካከሉት ራሳቸው ናቸው አልኩትና የሽቦ ብሩሽ ሰጠሁት። የጎማ ብሎን ክር ላይ ያለውን ዝገትና አሸዋ በደረቁ ማጽዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዘይት ግን እንዳትቀባ፤ የተቀባ ክር ያለልክ ይጠብቃል፤ በኋላም ይላላል።

ከሁሉ በላይ ጣትህን ተጠቀም። ቸርኬውን ብሎኖቹ ላይ ካሰካህ በኋላ የመጀመሪያውን ዳዶ በጣትህ ብቻ አሽከርክር። ሾጣጣው ፊቱ ወደ ቸርኬው ይሁን። ሦስት ዙር ያለችግር ከገባ ክሩ ተገናኝቷል። ሲነክስና ሲንቀጠቀጥ ከተሰማህ ወደ ኋላ መልሰው፣ አንዲት «ጠቅ» የምትል ድምፅ እስክትሰማ ወደ ግራ አዙረው፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጀምር። ያቺ ጠቅታ ሁለቱ ክሮች አፍ ለአፍ የገጠሙበት ቦታ ናት። ስልክ እያወራ የሚያስር ሰው አይሰማትም።

አጠባበቁን በተመለከተ በራሴ ላይ ልመስክር። የጭነት መኪና ረዳት በነበርኩበት ዘመን ደንገጎ ላይ ጎማ ቀየርኩ። ለመቸኮል ብዬ ዳዶዎቹን እንደ ሰዓት ዙሪያውን ተራ በተራ አሰርኩ፤ ያውም ጎማው አየር ላይ እያለ። ሹፌሩን «ጨርሻለሁ» አልኩት። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መኪናው ተንገዳገደ፤ ብሎኖቹ ተቆረጡ፤ ጎማው ቀድሞን ሄደና ወደ ገደሉ ወረደ። ሰው አልተጎዳም። ጎማውን አግኝቼ እየገፋሁ ስመለስ ፀሐይ ገብታ ነበር። ሹፌሩ ሐረር እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ በኮከብ ቅርጽ እሰር፤ አንዱን ካጠበቅህ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን። በመጀመሪያ አየር ላይ ለስለስ አድርገህ፣ ከዚያ መሬት አውርደህ አጥብቀህ፣ ከዚያ አንድ ዙር ደግመህ። የናስካር መኪኖች ለረጅም ጊዜ በአንድ ጎማ አምስት ዳዶ ነበራቸው፤ ዳዶዎቹ በማጣበቂያ ቸርኬው ላይ ቀድመው ይለጠፉ ነበር። ከ2022 ጀምሮ አንድ ትልቅ ዳዶ መሐል ላይ ብቻ ሆኗል፤ አምስት ሰዎች ከማቆሚያው ዳር ያለውን ግንብ ዘለው አራቱንም ጎማ አሥር ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይቀይራሉ። ሹፌሩ የሚነሳው ክሪኩ ሲወርድ ነው። እውነቱን ለመናገር አምስት ዳዶው ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ የእጅ ሥራ ይታይበታል።

የዉዶቹን ትልቅ ቀን ስናነሳ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። በ1963 በናስካር ትልቁ ውድድር፣ በዴይቶና 500፣ ሹፌራቸው ሊሆን የነበረው ማርቪን ፓንች፣ ከውድድሩ ጥቂት ቀናት በፊት ማዜራቲ የተባለ መኪና ሲሞክር ተገለበጠና መኪናው በእሳት ተያያዘ። ጎትተው ካወጡት ሰዎች አንዱ ታይኒ ለንድ የተባለ ሥራ ያልነበረው ሹፌር ነው። ፓንች ከሆስፒታል አልጋው ሆኖ «በእኔ ምትክ እሱ ይንዳ» አለ። ለንድ ነዳ፤ አሸነፈም። ቡድኑ ጎማ በመቀየር ስሙ እየገነነ ሳለ ለንድ ያሸነፈው ውድድሩን በሙሉ በእነዚያው አራት ጎማዎች፣ አንድም ሳይቀየር ነው። ለዚያ ቡድን ይህ የመጀመሪያው የዴይቶና 500 ድል ሆነ። በኋላ 1968፣ 1972፣ 1976 እና 2011 ተጨመሩ። የ1976ቱ ከጉዳያችን ጋር ባይገናኝም ልናገረው፦ ሹፌራቸው ዴቪድ ፒርሰን በመጨረሻው ዙር ከተፎካካሪው ከሪቻርድ ፔቲ ጋር ተጋጭቶ ሲሽከረከር ሞተሩ እንዳይጠፋ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። የፔቲ ሞተር ጠፋ፤ የፒርሰን ተሰባብራ እየተንፏቀቀች መስመሩን አለፈች። በዚያች ቅጽበት እግሩን ያሰበ ሰው!

እንግዲህ ሳይቀየር የሚውለው ጎማ ከየት ይመጣል? ከንፋስ ልክ። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። በእኛ ከተማ እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ ላይ እንቁላል ይጠበሳል፤ ጎማው በሞቀ ቁጥር ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፤ በየአሥር ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 2 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው ቁጥር) ገደማ። ከሰዓት መጥቶ «በዝቷል፣ ቀንስልኝ» የሚለኝን ሹፌር እምቢ እለዋለሁ። ያኔ ብቀንስለት በማግስቱ ጠዋት ጎማው ልክ ያጣል፤ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፤ ደንገጎ ላይ ይፈነዳል። ገንዘቡን ትቼ እሸኘዋለሁ። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። ቅያሪ ጎማህንም አብረህ ለካ፤ ከአምስት ደንበኞቼ የአንዱ ቅያሪ ባዶ ነው ብል አላጋነንኩም።

የጎማ ቅየራ ልምምዱን ጠዋት ላይ ከረዳቴ ጋር በስልክ ሰዓት እናደርገዋለን። መጀመሪያ ላይ 14 ደቂቃ ፈጀብን፤ አሁን ስድስት ላይ ነን፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደልንም። አልተናደድኩም። ዉዶቹ 99ኛ ድላቸውን በ2017 ካገኙ በኋላ መቶኛውን የያዙት በነሐሴ 2024 በዴይቶና ነው፤ ሰባት ዓመት ጠበቁ፤ ቁጥር 21 መኪናቸውን ይዘው ከፎርድ ሳይለዩ።

ከድሬዳዋ ከወጣህ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ የታሰረ ዳዶ በዚህ መንገድ ላይ ቦታውን ይይዝና ትንሽ ይላላል። ሐረር ገብተህ ከማረፍህ በፊት ዳር ያዝ፣ መፍቻውን አውጣና ሁሉንም በኮከብ ቅርጽ ደግመህ ሞክራቸው። አንዱም ቢሆን ሩብ ዙር ከገባልህ፣ ስትመለስም አቁመህ ትሞክረዋለህ።