ፓዴል የጀመራችሁ ልጆች፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ፓዴል ግድግዳና የሽቦ አጥር በከበበው ሜዳ ላይ፣ ሁለት ለሁለት ሆነው የሚጫወቱት የራኬት ጨዋታ ነው።

በጉልበት መምታት። ደብረ ብርሃን ላይ ጀማሪዎችን ሳሠለጥን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሜዳ ቴኒስ የሞካከረ ልጅ ይመጣና ያለ የሌለ ኃይሉን ኳሷ ላይ ያሳርፋል። ኳሷ መሬት ትነጥራለች፣ የኋላውን ግድግዳ ትመታለች፣ ተመልሳ መሀል ሜዳ ትመጣለች። ተጋጣሚው ቆሞ ጠብቆ ነጥቡን ይወስዳል። ልጁ ይናደድና ቀጣዩን የባሰ ይደበድባል! ከተማችን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይበራል፣ አብዝቶም ይነጥራል። የዓለም አቀፉ የፓዴል ፌዴሬሽን ደንብ ከ500 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ዝቅ ብሎ የሚነጥር ኳስ የፈቀደው ወዶ አይደለም። ቀስ አድርጋችሁ ማዕዘን ላይ ጣሏት። ግድግዳው ሥር ደርሳ የሞተችን ኳስ ማንም አያነሳትም።

ያለፈችን ኳስ እንደ ሸሸ በግ ማባረር። ትለፍ! እናንተ ሜዳ ላይ አንዴ ከነጠረች ግድግዳው ይመልስላችኋል፤ ሁለተኛ እስክትነጥር ጊዜ አላችሁ። አንዲት ተማሪዬ ይሄ ሲገባት ሩጫውን ተወች። አሁን ጎኗን ወደ መረቡ ታዞራለች፣ ራኬቷን ጉልበቷ ጋ ዝቅ ታደርጋለች፣ ትጠብቃለች። ወንዶቹን እያላበቻቸው ነው።

ግድግዳውን እንደ አጥር የሚያዩም አሉ። የጨዋታው ፈጣሪ ኤንሪኬ ኮርኩዌራ እ.ኤ.አ. በ1969 ሜክሲኮ፣ አካፑልኮ ቤቱ ውስጥ ሜዳውን ሲሠራ ጀምሮ ግድግዳው የጨዋታው አካል ነው። በ1974 ማርቤያ፣ ስፔን የገባውም እንደዚያው ሆኖ ነው። ብቻ የመታችኋት ኳስ መሬት ሳትነካ የተጋጣሚን ግድግዳ ከነካች ነጥቡ የእሱ ነው።

የራኬቱን የእጅ ማሰሪያ አለማጥለቅ። ግዴታ ነው፣ አለቀ። በኅዳር ውርጭ ጣቱ የደነዘዘ ልጅ ራኬቱ አምልጦት ጎረቤት ግቢ ገብቶ ያውቃል። ደግነቱ ውሻው ታስሮ ነበር።

አንዱ መረቡ ሥር፣ ሌላው ኋላ መቆም። አብራችሁ ውጡ፣ አብራችሁ ተመለሱ።

ሜዳ ለማሠራት ያሰባችሁ፣ ልኩ 20 በ10 ሜትር ነው። ቦታ ተረፈን ብላችሁ አታስፉት።

ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ላይ ሁሌ ጭቅጭቅ አለ። ኳሷን መሬት አንጥራችሁ ከወገብ ሳታልፍ ትመታላችሁ፣ በሰያፍ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ ትልካላችሁ። እዚያ ነጥራ የመስታወት ግድግዳውን ብትነካ ችግር የለም፤ የሽቦ አጥሩን ከነካች ግን ተበላሽታለች። እኛ ጋ በመስታወቱ ፋንታ ያለው የተለሰነ ግድግዳ ነው፣ ሽቦው ግን ሽቦ ነው። ስለዚህ "ኮች፣ እኛ ጋ አይሠራም" የሚል ክርክር አልሰማም።