ፋርማሲው «የለም» ሲላችሁ፦ ያለቀ መድኃኒት እንዴት ይፈለጋል?

አንድ ጊዜ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ፍለጋ ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ። ባዶ ካርቶኑን አሳያለሁ፣ «የለም» ይሉኛል፣ እወጣለሁ። አራተኛው ላይ ያለችው ፋርማሲስት ካርቶኑን ተቀብላ ገልበጥ አደረገችውና በደቃቁ የተጻፈውን አነበበች። «አምሎዲፒን እኮ ነው። የሌላ ካምፓኒ አለኝ፣ ይሁን?» አለችኝ። ምናልባት ሦስቱም ጋ ነበረ። አጠያየቁን ያላወቅኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ «የለም» ስባል ዝም ብዬ አልወጣም። የሌለው ምኑ ነው? ይሄ ብራንድ ነው? ይሄ ሚሊግራም ነው? ወይስ መድኃኒቱ ራሱ ጠፍቷል? መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

1. ከቤት ሳትወጡ

አራት ነገር ጻፉ፦ የመድኃኒቱን ጄኔሪክ ስም (ካምፓኒው ያወጣለትን ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም)፣ መጠኑን በሚሊግራም፣ ዓይነቱን (ክኒን፣ እንክብል፣ ሽሮፕ፣ መርፌ) እና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የካምፓኒው የንግድ ስም ነው። ጄኔሪኩ ከሥሩ በትንሹ ይጻፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1953 ጀምሮ ለመድኃኒቶች የጋራ ስም ስለሚያወጣ፣ ጄኔሪክ ስሙ የትም አገር ይሠራል ማለት ይቻላል። ጥቂት ለየት የሚሉ አሉ። ፓራሲታሞል አሜሪካ ውስጥ አሲታሚኖፌን ይባላል፣ ሳልቡታሞል ደግሞ አልቡቴሮል።

ካርቶኑንና የሐኪም ማዘዣውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ የቀረውን ክኒን ቁጠሩ። አሥር ቀን ሲቀር ፍለጋ የጀመረና አንድ ቀን ሲቀር የጀመረ እኩል አይረጋጉም።

2. ከእግር በፊት ስልክ

መጀመሪያ በጄኔሪክ ስሙ ጠይቁ። «የለም» ከተባለ፦ «የሌላ ካምፓኒስ? በሌላ ሚሊግራምስ? መቼ ይገባል? ሲገባ ሊያስቀምጡልኝ ይችላሉ?» በሉ። ማዘዣው ላይ ያለው ሙሉው ከሌለ የሳምንቱን ብቻ መግዛት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ፋርማሲስቶች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ «ማን ጋ ይገኛል ይላሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ኪሎሜትር ይቆጥባል። የሆስፒታል ፋርማሲዎችን አትርሱ። አንዳንዶቹ ዕቃ የሚያስመጡበት መንገድ የተለየ ስለሆነ ሌላው ጋ ያለቀው እነሱ ጋ ሊኖር ይችላል።

3. ሚሊግራሙ ሲለያይ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። 10 ሚሊግራም ከጠፋ ሁለት ባለ 5 ብዙ ጊዜ ይተካዋል፣ ፋርማሲስቱ ካረጋገጠ። ተቃራኒው፣ ማለትም ባለ 20ውን ለሁለት መስበር ግን ሁሌ አይሆንም። ካርቶኑ ላይ «ኤክስ አር» (XR) ወይም «ኤስ አር» (SR) የሚል ካያችሁ፣ ክኒኑ መድኃኒቱን ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነው። ከተሰበረ ወይም ከደቀቀ የሙሉ ቀኑን መጠን በአንዴ ሊያፈሰው ይችላል።

የልጆች ሽሮፕ ደግሞ የበለጠ ያሳስታል። አሞክሲሲሊን በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊግራም ያለው አለ፣ 250 ያለውም አለ። ልጁ በፊት ከ125ቱ 5 ሚሊ ሊትር ይወስድ ከነበረ፣ ከ250ው የሚገባው 2.5 ብቻ ነው። ጠርሙሶቹ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። አዲሱን መጠን ጠርሙሱ ላይ አጽፉ፣ በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን በመለኪያው ስጡ።

እንደ ዋርፋሪን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ያሉት ደግሞ ትንሽ የመጠን ልዩነት የሚያናጋቸው ናቸው። እነዚህን ከካምፓኒ ወደ ካምፓኒ ስትቀይሩ ሐኪማችሁ ይወቅ፣ የደም ምርመራም ሊያዝ ይችላል።

4. ጭራሽ ከጠፋ

ወደ ሐኪም ተመለሱ፣ ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ፋርማሲስቱን «ለዚሁ ሕመም የሚሆን ምን ምን አላችሁ?» ብላችሁ በወረቀት ያዙ። አለበለዚያ ሐኪሙ የሚቀይርላችሁም ያለቀ ሊሆን ይችላል፣ ዙሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ለምሳሌ የደም ግፊት መድኃኒቱ ኤናላፕሪል ሲጠፋ ሊሲኖፕሪል ሊታዘዝ ይችላል። ቤተሰባቸው አንድ ቢሆንም ሚሊግራማቸው አንድ ለአንድ ስለማይመነዘር ራሳችሁ አትቀይሩት። የጎረቤትን መድኃኒት መዋስም ያው ነው።

5. እስኪገኝ ድረስ

እንዲበረክት ብላችሁ መጠኑን አትቀንሱ። ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን እና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ አደጋ አላቸው። ሊያልቁ ሲሉ ለሐኪም ደውሉ። የዓይነት አንድ ስኳር ታማሚ ኢንሱሊን ካለቀበት ደግሞ ፋርማሲ ማሰስ ቀርቶ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ሌቮታይሮክሲን በአንጻሩ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ የአንድ ቀን መዘግየት ያን ያህል አያስደነግጥም።

6. «እኔ ጋ አለ» የሚል ሰው ሲመጣ

መድኃኒት ሲጠፋ ሻጭ ይበዛል፣ በተለይ በሶሻል ሚዲያ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 መድኃኒት 1ዱ ያህል ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ውጭ አትግዙ። እዚያም ቢሆን እሽጉን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ካርቶኑና ውስጡ ያለው የባች ቁጥር (የምርቱ ዙር መለያ) መመሳሰሉን እዩ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ ከቦርሳ ተመዞ ከተሰጣችሁ ተዉት።

ስታገኙ፣ ሌላ ፋርማሲ አስይዛችሁ ከነበረ ደውላችሁ «አግኝቻለሁ» በሉ። ያ ካርቶን የእናንተ ስም ተለጥፎበት ጓዳ ተቀምጧል፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሌላ ሰው «የለም» እየተባለ ነው።