ቀይ ናፍጣ ሰልባትዮ ውስጥ ሲገኝ፦ ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ ትራክ ነጂ በዝቷል። ናፍጣ ፒክአፕ የሚገዛውም በዝቷል። በዚያው ልክ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ቀይ ናፍጣ ይዞ ጋራዥ የሚመጣው ሰውም በዛ። በስልክ ያንኑ ነገር ደጋግሜ ከማስረዳ ጽፌ ልገላገል።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና የሚቀዳው ናፍጣ ቀለም የሌለው ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ታክስ ተከፍሎበታል። ለእርሻ ትራክተር፣ ለጄኔሬተር፣ ለግንባታ ማሽን፣ ለቤት ማሞቂያና ለሪፈር (ቀዝቃዛ ጭነት ለሚይዝ ትሬለር) ማቀዝቀዣ የሚሸጠው ግን የመንገድ ታክስ የለበትም። እንዲለይ ቀይ ቀለም ይጨመርበታል። ይህ አሠራር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። «አዲስ ሕግ መጣብን» የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

ሂሳቡን አንዴ እንሥራው። የፌዴራሉ የናፍጣ ታክስ በጋሎን 24.4 ሳንቲም ነው። 30 ጋሎን የሚይዝ ፒክአፕ በቀይ ብትሞሉ ከፌዴራሉ የምታተርፉት 7 ዶላር ከ32 ሳንቲም ነው። የስቴቱን ታክስ ጨምሩበት፤ ያም ሆኖ ከምሳ ብዙ አያልፍም። ስትያዙ ደግሞ የፌዴራሉ ቅጣት 1,000 ዶላር ወይም በጋሎን 10 ዶላር ነው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ለሁለተኛ ጊዜ ከተቀጣችሁ 1,000ው 2,000 ይሆናል፤ ለሦስተኛ 3,000። ስቴቱም የራሱን ለብቻ ይጥላል። «አላስፈትሽም» ማለት ራሱ 1,000 ዶላር ያስቀጣል።

ሆን ብሎ ለሚቀዳ ሰው የምሰጠው መፍትሄ የለኝም። ከዚህ በታች ያለው ሳያውቅ ለገባበት ነው። ፊልትሮ መቀየርና ውሃ ማፍሰስ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ፊልትሮ ስትፈቱ ናፍጣው ቀይ ሆኖ ወጣ

አትደንግጡ፣ መጀመሪያ አረጋግጡ። ንጹሕ የጃም ብርጭቆ ውሰዱ፤ ከፊልትሮው ሳይሆን ከሰልባትዮው ቅዱ። ነጭ ወረቀት ከኋላው አድርጋችሁ በቀን ብርሃን እዩት። በባትሪ መብራት አትፍረዱ፣ ያሳስታል።

የሰልባትዮው ጥርት ያለ ሆኖ የፊልትሮው ብቻ ቀይ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የካምቢዮ ዘይት ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትም ቀይ ነው። አሮጌ መካኒኮች አዲስ ፊልትሮ ሲያስሩ በእሱ ሞልተው ያስራሉ፣ ሞተሩ ቶሎ እንዲነሳ። ጣት ላይ ሲያሹት ከናፍጣ ይወፍራል፣ ያዳልጣል። የዛሬው ሞተር ላይ ይህን የሚያደርግ መካኒክ ካላችሁ ቀይሩት፤ የጭስ ማጣሪያውን በአመድ ይሞላዋል። የሰልባትዮውም ቀይ ከሆነ ግን ወደ ታች አንብቡ።

ምልክት፦ ትራክ ስቶፕ ቀድታችሁ ስትጨርሱ ቱቦው ቀይ ያንጠባጥባል

እኔን እንጀራ የሚያበላኝ ይኼኛው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሪፈር የሚጎትት ሰው ሁለት ሞተር ይዞ ነው የሚሄደው። ትራኩ የራሱ አለው። ማቀዝቀዣውም፣ ቴርሞ ኪንግ ሆነ ካሪየር፣ የራሱ ትንሽ ሞተርና ትሬለሩ ሆድ ሥር የተንጠለጠለ የራሱ ሰልባትዮ አለው። ያኛው ጎማ ስለማያዞር ቀይ ቢቀዳለት ሕጋዊ ነው። አንዳንድ ትራክ ስቶፕ ለሪፈር ቀይ ናፍጣ የሚቀዳ ቱቦ ለብቻው ያቆማል። ሌላው ቦታ ደግሞ ቱቦው አንድ ነው፤ ማሽኑ «ለትራክ ነው ለሪፈር?» ብሎ ይጠይቃል፣ የሚወርደው ግን ያው ታክስ ያለበት ነጩ ናፍጣ ነው። ልዩነቱ ሪሲቱ ላይ ብቻ ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በአንድ ቱቦ መቅዳት የለመደ ልጅ አንድ ሌሊት ሁለት ቱቦ ያለበት ቦታ ይቆማል። እንቅልፍ አለ። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድበው ሰው) ይደውላል። ቱቦው ላይ ያለው ጽሑፍ በናፍጣ ተሸፍኖ አይነበብም። ያገኘውን አንስቶ ትራኩ ውስጥ ይሰካና ስልኩን ያወራል።

ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) ካወጣ ብዙ ያልቆየ አንድ ልጅ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቀይ ነገር ገብቶብኝ ነበር፤ ነጭ ሞልቼበታለሁ። ይጠፋል አይደል?»

«በየት በኩል ነው የቀዳኸው?»

«በግራ።»

«ቀኙንስ አየኸው?»

«ኧረ ቀኙን አልነካሁትም!»

አልነካውም፣ እውነቱን ነው። ሲመጣ የቀኙን ክዳን ከፍተን ግልጽ የላስቲክ ቱቦ እስከ ታች ሰደድን፤ አፉን በአውራ ጣት ደፍነን አወጣነው። ሮዝ! ልጁ የግራውን ግማሽ አስራግፎ፣ ለዚያም ከፍሎ፣ ንጹሕ ነኝ ብሎ ሁለት ስቴት ነድቷል።

ይህ ለምን ይሆናል? ብዙ ትራክ ላይ ሁለቱ ሰልባትዮዎች ከሥር በቱቦ ይገናኛሉ፤ የአንዱ ከፍ ሲል ወደ ሌላው ይወርዳል። ከሥር የማይገናኙትም ቢሆኑ ሞተሩ ከሁለቱም ይስባል፣ የተረፈውን ደግሞ በመመለሻ ቱቦ ይልካል። የናፍጣ ሞተር ከሚስበው ብዙውን አያቃጥለውም፣ ይመልሰዋል። ስለዚህ የገባው ቀይ ባለበት አይቀመጥም። አንድ ጎን አጥቦ ጨረስኩ ማለት ገንዘብ መጣል ነው።

መፍትሄው በሁለት ይከፈላል። ሞተሩን ካላስነሳችሁት ሥራው ቀላል ነው፤ እባካችሁ አታስነሱት! «ትንሽ ፈቀቅ ላድርገው» ብሎ የሚያስነሳው ሰው ነው የሚያናድደኝ። ከኋላ ያለው ነጂ ጡሩንባ ቢያጮህ ያጩህ። ውስጥ ገብታችሁ ለካሸሩ ንገሩ፣ ኮን ያስቀምጡላችሁ። ከሥር የሚያገናኘው ቱቦ መዝጊያ ካለው ወዲያው ዝጉት። ከዚያ ለናፍጣ በተሠራ ፓምፕ ቀዩን ቅዱና ወደ ሪፈሩ ሰልባትዮ አዛውሩት። ቦታ እስካለው ድረስ ሕጋዊ ነው፣ ጠብታም አይባክንም። የተረፈውን ቢጫ ጀሪካን ውስጥ አድርጉና «ቀይ ናፍጣ» ብላችሁ ጻፉበት፤ እርሻ ወይም ጄኔሬተር ያለው ሰው በደስታ ይወስደዋል። መሬት ላይ ማፍሰስ የለም። በቤት ቫኪዩም መምጠጥ የለም! የኤሌክትሪክ ብልጭታና የነዳጅ እንፋሎት ምን እንደሚያደርጉ ማየት የሚፈልግ ካለ ከእኔ ጋራዥ ርቆ ይሞክር።

ሞተሩ ከተነሳ ግን ሁለቱም ሰልባትዮ ይራገፋል። በማፍሰሻው ቡሎን በኩል ይሁን፣ ምክንያቱም በላይ በኩል የገባ ቱቦ ጥጉን አይጠርገውም። ሁለቱም ፊልትሮ ይቀየራል፣ ውሃ መለያው ጭምር። መለያው ግልጽ ብርጭቆ ካለው ፈትታችሁ እጠቡት፤ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከዚያ ትንሽ ነጭ ናፍጣ ጨምሩ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ የመመለሻውን ቱቦ ባልዲ ውስጥ ልቀቁት። ጥርት እስኪል ይሂድ፤ ከዚያ ብቻ ግጠሙት።

«ነጭ እየሞላሁ ላቅጥነው» ለሚለው ደግሞ ቁጥር ልስጠው። 30 ጋሎን የሚይዝ ሰልባትዮ ሙሉ ቀይ ነበር እንበል፤ አራግፋችሁት 3 ጋሎን ጥጉ ላይ ቀረ። ነጭ ስትሞሉበት 10 በመቶው ቀይ ነው። እስከ 3 ጋሎን ነድታችሁ እንደገና ስትሞሉ 1 በመቶ። በሦስተኛው አንድ ሺሕኛ። ይህ እንግዲህ ካራገፋችሁ በኋላ ነው። ሳታራግፉ ግማሽ ቀይ ላይ ግማሽ ነጭ የምትሞሉ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አስቡት። ቀለሙ ደግሞ ጉልበተኛ ነው፣ በጥቂቱም ያስታውቃል። ዓይን ቢያልፈው ናሙናው ላብራቶሪ ሊሄድ ይችላል።

ወረቀቱን አትርሱ። የስህተቱ ሪሲት፣ ያስራገፋችሁበት ደረሰኝ፣ የፊልትሮው ደረሰኝ፣ ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ካቢኑ ውስጥ ይቀመጡ። ሕጉ የሚጠይቀው ቀይ መሆኑን ማወቃችሁን ወይም ማወቅ ይገባችሁ እንደነበር ነው። በዚያው ሌሊት ቆማችሁ እንዳስራገፋችሁ የሚያሳይ ወረቀት ከማንኛውም ንግግር ይሻላል። ለዲኦቲ (ትራክ የሚፈትሸው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) መኮንን «ናፍጣው እንዲህ ሆኖ ነው የተሸጠልኝ» ብላችሁ ግን አትዋሹ። ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ ለእኔ አትደውሉ፣ የታክስ ባለሙያ ጋ ሂዱ።

ምልክት፦ ፒክአፑን አጠብኩት፣ በሳምንቱ ተመልሶ ቀላ

የእርሻ ጨረታ መኪና ነው፣ ሳላየው አውቀዋለሁ። በርካሽ የተገዛ የድሮ ፎርድ ኤፍ-250፣ የ1997 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት። እነዚህ ብዙዎቹ ሁለት ሰልባትዮ አላቸው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የፊትና የኋላ ማዞሪያ አለ። ገዢው የፊቱን ያጥባል። የኋላው መኖሩን የሚያውቀው እኔ ስነግረው ነው። ሻጩ ለዓመታት ከእርሻው በርሜል ሲሞላው ኖሯል።

ማዞሪያው የሚያዘው ቫልቭ ሲያረጅ ደግሞ ከአንዱ ስቦ ወደ ሌላው ይመልሳል። ከፊት እየነዳችሁ የኋላው ናፍጣ ከፍ ካለ ቫልቩ ነው። ሁለቱንም አራግፉ፣ ቫልቩን ቀይሩ። ርካሹን ቫልቭ አትግዙ፤ የፕላስቲክ ሆዱ ክረምት አይሻገርም፣ እኔም ሁለተኛ ጊዜ መኪናው ሥር መግባት አልወድም።

ከጭነት ሳጥኑ ላይ ተጨማሪ ታንክ ካለ ወደ ዋናው ሰልባትዮ የተጠለፈ ቱቦ ፈልጉ። ለትራክተራችሁ ቀይ ጭናችሁ መሄድ አንድ ነገር ነው። ያ ታንክ ከመኪናው ሞተር ጋር ከተገናኘ ሌላ ነገር ነው።

ምልክት፦ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ጉልበት የለውም፣ ሰልባትዮው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል

በረኪና ጨምራችኋል። አትካዱ።

ቀለሙን ለማጥፋት በረኪና፣ ከሰል፣ የድመት አሸዋ፣ ዳቦ ሳይቀር የሚሞክር ሰው አለ። በሰሜን አየርላንድ ድንበር አካባቢ በአሲድ የሚያጥቡ ወንበዴዎች ነበሩ፤ ከእነሱ የገዛ ሰው ፖምፓው ተበልቶ ቀርቷል። በረኪና ውሃና ጨው ነው። የአዲሶቹ መኪኖች ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ውሃ ሲገባ ብረት ብረትን ይፈጫል፤ የብረት ብናኙ እስከ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል። ያን ጊዜ ፖምፓው፣ መስመሩ፣ ኢንጀክተሮቹ በሙሉ ይቀየራሉ፤ ብዙ ሺሕ ዶላር ነው። በዚያ ላይ ቀለሙን ለማጥፋት መሞከሩ በራሱ በዚያው ሕግ ያስቀጣል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ከቀዩ ሌላ በዓይን የማይታይ ምልክት ናፍጣው ውስጥ አለ። ቀዩን ብታጠፉት እሱ ይቀራል።

ምልክት፦ የጭስ ማጣሪያው መብራት በራ

ቀለሙ ራሱ ሞተር አይጎዳም። የዛሬው የእርሻና የግንባታ ናፍጣም ሰልፈሩ እንደ መንገዱ ነው። ከቤት ማሞቂያ ታንክ የተቀዳ ከሆነ ግን በአንዳንድ ቦታ ሰልፈሩ ይበዛል፣ ማጣሪያውንና ካታሊስቱን ያፍናል። አራግፉ፣ በኮምፒውተር ማጣሪያው ውስጥ የታመቀውን ጥቀርሻ አስቃጥሉ። ካልሠራ ካታሊስቱ ሞቷል።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

በብርድ ናፍጣው እንዳይረጋ ነጭ ጋዝ የሚቀላቅሉ አሉ። ለማሞቂያ የሚሸጠው ነጭ ጋዝም ቀይ ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ ያው ቅጣት ነው።

ዴፍ (ለጭስ ማጽጃ በራሱ ታንክ የሚጨመረውን ፈሳሽ) ናፍጣ ውስጥ ከጨመራችሁ ቁልፉን አትንኩት። ቶው ትራክ ጥሩ።

በአውሎ ነፋስ ወይም በነዳጅ እጥረት ጊዜ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ቅጣቱን ለጊዜው ሊያነሳ ይችላል። በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ኮሎኒያል የተባለው የነዳጅ ቧንቧ ሲዘጋ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን ጨምሮ ለብዙ ስቴቶች አንስቶ ነበር። ታክሱ ግን ያን ጊዜም ይከፈላል፤ ቀኑም ሲያልቅ ያልቃል። ባለፈው ዓመት ማስታወቂያ ዘንድሮ የሚቀዳ ሰው ገጥሞኛል።

ለሪፈር ባለቤቶች

ኦነር ኦፕሬተር (የራሱን ትራክ የሚነዳ) ሆናችሁ ለሪፈሩ ነጭ ናፍጣ ከቀዳችሁ፣ የከፈላችሁትን የፌዴራል ታክስ ዓመታዊ ታክስ ስትሠሩ በፎርም 4136 ማስመለስ ትችላላችሁ። ለዚያ ነው ማሽኑ ሲጠይቅ ዝም ብላችሁ «ትራክ» የሚለውን አትጫኑ የምለው። የሪፈሩን ጋሎን ለብቻ አስመዝግቡ፣ ሪሲቱን ፎቶ አንሱት፤ ያ ወረቀት ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ጽሑፉ ይጠፋል።