በቀዝቃዛ ውሃ በደረቅ ጓንት ሲጠልቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በስዊድን ጥልቅ ሐይቆች ውስጥ ላዩ በሐምሌ ፀሐይ ቢሞቅም ታቹ እንደቀዘቀዘ ይቆያል፤ ጨው የሌለው ውሃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን በመሆኑ፣ የከበደው ውሃ ወደ ታች ወርዶ እዚያው ይተኛል። ሰውነታቸውን በድራይ ሱት፣ ማለትም ውሃ በማያስገባ የመጥለቂያ ልብስ፣ ከውሃ የጠበቁ ጠላቂዎች እጃቸውንም ደረቅ ለማድረግ መፈለጋቸው ስለዚህ ተገቢ ነው። በእጅጌው ጫፍ ላይ በጠንካራ ቀለበት የሚቆለፈው ደረቅ ጓንት ይህን በሚገባ ያደርጋል። ሆኖም በየዓመቱ ቅዝቃዜው ሲጀምር አዳዲስ ጠላቂዎች ያንኑ ስህተት ይዘው ወደ ውሃው ዳር ሲመጡ እያየሁ ዝም ማለት ከብዶኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ የእጅ አንጓውን ላስቲክ ቆርጦ መጣል ነው። ላቴክስም ይሁን ሲሊኮን፣ ይህ ላስቲክ በአንጓ ላይ ጥብቅ ብሎ ውሃ ወደ ልብሱ እንዳይገባ ይከለክላል። አንዳንዶች “ጓንቱ ራሱ ውሃ ካላስገባ ላስቲኩ ምን ይሠራል?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ያለ ላስቲክ ልብሱን መልበስ ይቀላል፣ አየሩም ወደ ጓንቱ እንደ ልብ ይመላለሳል። አባባሉ እውነት የሚሆነው ጓንቱ ፈጽሞ የማይቀደድ ቢሆን ነበር። ነገር ግን ከለበስነው ሁሉ ገመድ የሚጨብጠው፣ መሰላል የሚይዘው፣ ከድንጋይና ከዝገት ጋር የሚጋጨው ጓንቱ ነው። የባልቲክ ባሕር ጨዋማነት አነስተኛ ስለሆነ እንጨት የሚቦረቡር የመርከብ ትል አይበዛበትም፤ ስለዚህ የጥንት የእንጨት መርከቦች ሳይፈርሱ ይገኛሉ፣ ጠላቂውም እነሱን ሊያይ ይሄዳል። ስለታም ብረትና ተጠልፎ የቀረ የዓሣ መንጠቆም በዚያው ይጠብቁታል። ላስቲክ በሌለበት ጓንቱ ሲቀደድ ውሃው በክንድ በኩል እስከ ደረት ይዘልቃል፣ የውስጥ ልብሱ ሙቀት መያዙን ያቆማል፣ ተንሳፋፊነት ይቀንሳል፤ ወደ ጀልባው ሲወጡም በልብሱ ውስጥ የቀረው ውሃ መሰላሉን ያከብደዋል። ጓንታቸው በመንጠቆ የተበሳ ሁለት ሰዎችን አይቻለሁ፤ ላስቲክ የነበረው አንድ እርጥብ እጅ ይዞ እየሳቀ ወጣ፣ ያልነበረው ግን እየተንቀጠቀጠ የራሱን መቆለፊያ መፍታት አቅቶት ሌሎች ፈቱለት። ከዚያ በኋላም “መጥፎ አጋጣሚ ነው” ማለቱ እስካሁን ይገርመኛል።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ ላስቲኩን ትቶ ለአየሩ መተላለፊያ አለማበጀት ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከላይኛው እጥፍ ስለሚሆን በጓንቱ ውስጥ የተዘጋው አየር መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። በደረት ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ብንጫንም አየሩ ላስቲኩን አልፎ ወደ እጅ አይደርስም፤ ጓንቱ ይጨማደዳል፣ እጥፋቱ ቆዳ ይቆነጥጣል፣ የውስጥ ጓንቱም ተጨፍልቆ ሙቀት መያዝ ያቅተዋል። መፍትሔው ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ወይም ቁራጭ የላስቲክ ገመድ ከአንጓው ላስቲክ ሥር ማስገባት ነው። የውስጥ ጓንቱን ጨርቅ ራሱን ከላስቲኩ ሥር የሚያሳልፉም አሉ፤ እኔ ግን ጨርቅ ውሃ ስለሚስብና ሰፊ ቦታ ስለሚከፍት አልወደውም። እርግጥ ነው፣ ቱቦውም ቢሆን ጓንቱ ሲቀደድ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል፤ ዝግ ብሎ ስለሚያሳልፍ ግን ተረጋግቶ ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል።

ቱቦው ካለ በኋላ ጓንቱ እስኪጨመቅ መጠበቅ አይገባም፤ መውረድ እንደተጀመረ እጅን ከትከሻ በላይ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ጀማሪዎች ቀኝ እጃቸው ተሞልቶ ግራው አልሞላ ሲላቸው ጓንቱን ያማሉ። ምክንያቱ ግን የልብሱ አየር ማስወጫ በአብዛኛው በግራ ክንድ ላይኛው ክፍል መገኘቱ ነው፤ ግራ እጅ ሲነሣ አየሩ ወደ ጓንቱ ከመድረሱ በፊት በዚያ በኩል ያመልጣል። ማስወጫውን ለጊዜው ጠበቅ አድርጎ፣ እጅን አንሥቶ፣ ከዚያ መልሶ መክፈት ይቻላል። መልሶ መክፈትን መርሳት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ የሚስፋፋው አየር መውጫ አጥቶ ጠላቂውን ሳይፈልግ ያስፈነጥረዋል።

ላቴክስን በቫዝሊን ማሸት ላስቲኩን ያበላሸዋል፤ አይሞከር።

የኦ-ሪንግ፣ ማለትም በመቆለፊያው ቀለበት ውስጥ ተቀምጦ ውሃ የሚከለክለው ክብ ላስቲክ፣ ነገር ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሱፍ ጓንት የተነቀለ አንድ ክር ወይም አንድ ፀጉር በቀለበቱ መካከል ከተኛ ውሃ ያስገባል፤ ስለዚህ ከመቆለፍ በፊት በዓይን ማየት ብቻ ሳይሆን በጣት ዳብሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በልብሱ ውስጥ ጥቂት አየር ነፍቶ እጅን በባልዲ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ አረፋ ከታየ ቀለበቱ ተከፍቶ እንደገና ይጸዳል። ይህን የማያደርጉት ባልዲ ስላጡ ሳይሆን ጓደኞቻቸው ቆመው እየጠበቋቸው ስለሆነ ነው፤ ይጠብቁ።

ወፍራም የውስጥ ጓንት ሁልጊዜ ይበልጥ ያሞቃል ማለት አይደለም። ጣት እስኪጣበብ ከተሞላ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፣ አየር የሚይዝ ክፍተትም አይኖርም፤ ስለዚህ ቀጭን የሱፍ ጓንት በሰፊ የውጭ ጓንት ውስጥ ይሻላል። የጥጥ ጓንት እቤት ይቅር።

አዲስ ጓንት ለመጀመሪያ ጊዜ በጥልቅ ውሃ ላይ የሚሞክሩ ሰዎችን አልረዳቸውም። ጣት የለመደው ቁልፍ ሁሉ ይጠፋበታል፤ ዕቃ የሚንጠለጠልባቸው ትንንሽ መንጠቆዎች አይከፈቱም፣ የጋዝ ጠርሙሱን መክፈቻ ለማግኘትም ይቸገራል። ጥልቀት በሌለው ቦታ ቆሞ መክፈትና መዝጋት፣ ጭንብል አውልቆ መመለስ፣ አየር ማስገባትና ማስወጣት መደጋገም አለበት። ትልልቅ መንጠቆዎችን መግዛትም ውርደት አይደለም። ጭንብሉንና የራስ መሸፈኛውን ጓንቱ ከመቆለፉ በፊት ማስተካከል፣ የጠለቃ ኮምፒውተሩን ማሰሪያም አስቀድሞ ማርዘም ጥሩ ነው።

ጓንት ውሃ ከገባበት ጠለቃው አብቅቷል። “አንድ እጅ ብቻ ነው” ብሎ መቀጠል አይገባም፤ የቀዘቀዘ እጅ በደቂቃዎች ውስጥ መጨበጥ ያቅተዋል፣ መውጫው ላይም ያስፈልጋል።

ቀለበቶች ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ብዙ ጊዜ ስለማይገጥሙ የጓደኛን ጓንት እበደራለሁ ብሎ መተማመን ስህተት ነው። በቦርሳው ውስጥ የራስ ቀለበት የተገጠመለት ትርፍ ጓንት ይኑር፤ እሱ ከሌለ ውሃ ቢያስገባም የሚያሞቀው ወፍራም የኒዮፕሪን ጓንት ይያዝ፤ የአንጓው ላስቲክ በቦታው ካለ ቱቦውን አውጥቶ በዚያ መጥለቅ ይቻላል።